ረጅም መንገድ የሚጓዝ ሰው አዳሩን እንዴት ይመርጣል? በቂርቆስና በካዛንቺስ ለሚያድር መንገደኛ

ከደሴ ተነስቶ ዲላ የሚሄድ ሰው ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ከጎንደር ሐዋሳ የሚወርደው ደግሞ ወደ 1,000 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ይጠብቀዋል። እንዲህ ያለው ጉዞ በአንድ ቀን አያልቅም። ከሰሜን ወደ ደቡብ፣ ከምዕራብም ወደ ምሥራቅ የሚያልፍ መንገደኛ አብዛኛውን ጊዜ መንገዱን ለሁለት የሚከፍለው አዲስ አበባ ላይ ነው። ከከተማይቱም ውስጥ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ለአዳር አመቺ ሆኖ ቆይቷል። ንጋት 11 ሰዓት ገደማ የሚነሱ አገር አቋራጭ አውቶቡሶች መንገደኛ ሲጭኑ የኖሩት ከመስቀል አደባባይ ነው፤ ወደ ደቡብ የሚሄዱ መኪኖች ወደሚነሱበት የቃሊቲ መናኸሪያም ከዚያው ከመሃል ከተማ መድረስ ይቻላል። በመስቀል አደባባይ፣ በስታዲየም፣ በለገሃርና በካዛንቺስ ዙሪያ ከባለ ኮከብ ሆቴል እስከ ተራ አልጋ ቤት ድረስ በየዋጋው ማደሪያ ሲገኝ ቆይቷል። ይህ ትምህርት የሚመለከተው መንገደኛው በእነዚህ ሰፈሮች የሚያሳልፋትን ያችን አንድ ሌሊት ነው።

አንድ ሌሊት አጭር ጊዜ መስሎ ሊታይ ይችላል። ይሁን እንጂ ወረርሽኝ ባለበት ወቅት አዳር የጉዞው ቋጠሮ ነው። መንገደኛው ቀኑን ሙሉ በአንድ መኪና ውስጥ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ሲተነፍስ ውሎ ማታ ማደሪያው ይገባል፤ በማግስቱ ደግሞ ከሌሎች ሰዎች ጋር በሌላ መኪና ይሳፈራል። ከሰሜን የመጣውና ወደ ደቡብ የሚሄደው ሕዝብ በመንገድ ባይገናኝም በማደሪያው ደረጃ፣ በምግብ አዳራሹና በጋራ መጸዳጃው ይገናኛል። የኮሮና ቫይረስ ወደ ሰውነት ከገባ በኋላ የበሽታው ምልክት እስኪታይ ከ2 እስከ 14 ቀናት ሊወስድ ይችላል። ሰውየው ምልክት ከማሳየቱ ሁለት ቀን ገደማ አስቀድሞ ቫይረሱን ወደ ሌላ ማስተላለፍ ይጀምራል፤ ጭራሽ ምልክት ሳያሳይ የሚያስተላልፍም አለ። ስለዚህ ጥንቃቄው በሁለት ወገን ነው። መንገደኛው ከማደሪያው በሽታ ይዞ እንዳይወጣ ይጠነቀቃል፤ ጤነኛ ነኝ ብሎ የሚያምን ቢሆንም እንኳ በሽታ ጥሎ እንዳይሄድ ይጠነቀቃል።

በሽታ ከመንገደኛ ጋር እንደሚጓዝ አዲስ አበባ ከድሮ ጀምሮ ታውቃለች። የባቡሩ ሐዲድ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1909 ዓ.ም. ዋና ከተማይቱ ደረሰ። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ፣ በኅዳር 1911 ዓ.ም.፣ ዓለምን ሲያዳርስ የነበረው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ከተማይቱን መታት። ሕዝቡም «የኅዳር በሽታ» ብሎ ሰየመው። ዛሬም ድረስ ኅዳር 12 ቀን በየሰፈሩ ቆሻሻ ተሰብስቦ የሚቃጠለው፣ «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለው ልማድ ከዚያ ዘመን መታሰቢያነት ጋር የተያያዘ ነው። ጭሱ ቫይረስ አይገድልም፤ የታፈነ ክፍል ውስጥ ከሆነማ ሳንባን ይጎዳል።

ዘመድ ቤት ወይስ አልጋ ቤት?

በአገራችን ስለ ማደሪያ ሲነሳ መጀመሪያ የሚታሰበው ሆቴል አይደለም። ለብዙ ዘመን መንገደኛ ሲመሽበት ያገኘውን ደጅ እያንኳኳ «የመሸበት የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ» ይል ነበር፤ ባለቤቱም እግሩን አጥቦ፣ ያለውን አብልቶ ያሳድረው ነበር። ከተማ ውስጥ ልማዱ መልኩን ቢለውጥም አልጠፋም። አዲስ አበባ ዘመድ ያለው ሰው አልጋ ቢከራይ ዘመዱን እንደናቀ ይቆጠርበታል። ዘመዱም «ሰው ምን ይለኛል?» ብሎ ያዝናል።

ልማዱ የሚከበር ነው። ይሁን እንጂ በወረርሽኝ ወቅት የቤቱ ስፋትና በውስጡ የሚኖረው ሰው መታየት አለበት። የካዛንቺስ ስም ራሱ የመጣው ከቤት ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት የሚሠራው ተቋም በአጭሩ «ኢንቺስ» ይባል ነበርና የዚያ ሰፈር ቤቶች «ካዜ ኢንቺስ» ተባሉ፤ አንደበት ሲያላምደው ካዛንቺስ ሆነ። በሰፈሩ ውስጥ ከትልልቆቹ ሆቴሎች ጀርባ በነበሩት የቀበሌ ቤቶች አያት፣ ልጅና የልጅ ልጅ በአንድ ወይም በሁለት ጠባብ ክፍል አብረው ይኖሩ ነበር። ብዙዎቹ ቤቶች የነበራቸው መስኮት አንድ ነው፤ እሱም ሌሊት ይዘጋ ነበር። እንግዳ ሲመጣ ፍራሽ መሬት ላይ ይነጠፍለታል፤ ወይም አያቲቱ አልጋቸውን ለቀውለት እርሳቸው ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ይተኛሉ። ያ እንግዳ ምልክት የሌለው ተሸካሚ ቢሆን በዚያች ክፍል ስምንት ሰዓት ሙሉ ሲተነፍስ ማደሩ ነው። ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት በላይ የሆኑ፣ የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለባቸው ሰዎች በበሽታው ክፉኛ የሚጎዱ ናቸው። መንገደኛው በማግስቱ ጉዞውን ይቀጥላል። በሽታው ግን ከአምስትና ከስድስት ቀን በኋላ፣ እርሱ ዲላ ገብቶ ሥራውን በያዘበት ሰዓት፣ የአክስቱን ቤት ያንኳኳ ይሆናል።

ስለዚህ በቤቱ አረጋዊ ወይም ሕመምተኛ ካለና ለእንግዳው የተለየ፣ አየር የሚገባው ክፍል ከሌለ፣ መንገደኛው አልጋ ተከራይቶ ማደሩ ዘመዱን መውደዱ እንጂ መናቁ አይደለም። ችግሩ ይህን ለዘመድ መንገሩ ላይ ነው። ሳይናገር መጥቶ ሆቴል ገብቶ ከተሰማበት ቅያሜው የከፋ ይሆናል። አስቀድሞ፣ ከመነሳቱ በፊት ስልክ ቢደውል ይሻላል። ከደሴ የሚመጣ ወጣት ካዛንቺስ ለሚኖሩት አክስቱ እንዲህ ሊላቸው ይችላል፦

«እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? ነገ ማታ አዲስ አበባ እገባለሁ። ዘንድሮ ግን አልጋ ይዤ ነው የማድረው።»

«ምን አልክ? እኔ ሞቻለሁ እንዴ? ቤቴ እያለ ልጄ አልጋ ቤት ያድራል?»

«እግዜር ያቆይልኝ፣ እትዬ። ቀኑን ሙሉ ከማላውቀው ሰው ጋር ታጭቄ ነው የምመጣው። እርስዎም ስኳር አለብዎት፤ እማማም አሉ። እኔ ምን ይዤ እንደምመጣ አላውቅም። ጠዋት ግን ሳላይዎት አልሄድም፤ ግቢው ውስጥ ቆሜ ስሜዎት ነው የምሄደው።»

«ሳትስመኝማ ተው፤ መሳሙም ይቅር ብለዋል አይደል የጤና ሰዎቹ? እንግዲያው ስንቅ ቋጥሬ ደጅ እጠብቅሃለሁ።»

ልጁ በአንደበቱ ያመለጠውን አክስቲቱ አረሙት፤ ብዙ ጊዜም እንዲሁ ነው፤ ታላላቆች ነገሩ በአክብሮት ከተነገራቸው ከወጣቶች ይልቅ ቶሎ ይረዳሉ። የጠዋቱ ጉብኝት ሁለቱም ወገኖች ጭንብል አድርገው፣ ከቤት ውጭ፣ በሁለት የአዋቂ እርምጃ ያህል ተራርቀው፣ አሥርና አሥራ አምስት ደቂቃ ቢሆን ጉዳት አያመጣም። ሰላምታው እጅን በደረት ላይ አድርጎ ጎንበስ በማለት ይሆናል፤ ይህ ከጥንትም የኛው ነው።

መንገደኛው አልጋ ለመከራየት አቅም ከሌለው ግን ዘመድ ቤት ማደሩ አማራጭ የሌለው ጉዳይ ይሆናል። ያን ጊዜ በሩ ወይም መስኮቱ አጠገብ ይተኛል፤ ከአረጋውያን ጋር በአንድ ክፍል አያድርም፤ በቤቱ ውስጥ ጭንብሉን አያወልቅም፤ ምግቡንም ለብቻው ይበላል። ሌሊቱን ሙሉ መስኮቱ በመጠኑም ቢሆን ክፍት ይሁን።

ክፍሉን ስለ መመርመር

ወረርሽኙ የዓለም አቀፍ ወረርሽኝነት ደረጃ መድረሱን የዓለም ጤና ድርጅት ያሳወቀው መጋቢት 2 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲሆን፣ በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ሰው መያዙ የተረጋገጠው ከሁለት ቀን በኋላ መጋቢት 4 ቀን ነው። ከመጋቢት 14 ጀምሮ ከውጭ አገር የሚገቡ መንገደኞች ለ14 ቀናት በሆቴል ተለይተው እንዲቆዩ ሲደረግ ከተመረጡት ሆቴሎች አንዱ እዚሁ መስቀል አደባባይ አጠገብ ያለው ግዮን ነበር። በእነዚያ ወራት ሰው ሁሉ የሚፈራው የበር እጀታን፣ የገንዘብ ኖትንና አንሶላን ነበር። ከዚያ ወዲህ የተገኘው ዕውቀት ትኩረቱን ወደ አየር መልሶታል። ቫይረሱ በይበልጥ የሚተላለፈው ሰው ሲናገር፣ ሲያስልና ሲተነፍስ በሚወጡ ጠብታዎችና በታፈነ ክፍል አየር ውስጥ ተንሳፍፈው በሚቆዩ ጥቃቅን ቅንጣቶች ነው። የተነካ ዕቃም ሊያስተላልፍ ይችላል፤ ዕድሉ ግን ከአየሩ ያነሰ ነው። እጅን መታጠብ አሁንም ግዴታ ነው፤ ማደሪያን ለመምረጥ ግን የመጀመሪያው መመዘኛ የክፍሉ አየር ነው።

ይህም ከሆነ፣ ውድ ሆቴል ሁልጊዜ ደኅንነቱ የተጠበቀ፣ ርካሽ አልጋ ቤት ሁልጊዜ አደገኛ ነው ማለት አይቻልም። በፎቅ ላይ ያለ፣ ምንጣፍ የለበሰ፣ መስኮቱ ግን የማይከፈት ክፍል አለ። በአንፃሩ በቂርቆስ የውስጥ ለውስጥ መንገዶች ግቢውን ከበው የተሠሩ፣ የየክፍሉ በር በቀጥታ ወደ ግቢው የሚከፈት ፔንሲዮኖች ይገኛሉ። እንዲህ ያለው ክፍል እንግዳውን በጋራ ደረጃና በአሳንሰር ውስጥ ሳያሳልፍ በቀጥታ ከውጭ አየር ያስገባዋል። ጌጡ አነስተኛ ይሁን እንጂ ለዚህ ዘመን የተሠራ ይመስላል።

መንገደኛው ከመነሳቱ በፊት ወደ ማደሪያው ደውሎ ጥቂት ነገር ይጠይቅ። መስኮቱ ይከፈታል ወይ? የሚከፈተውስ ወደ ውጭ ነው ወይስ ወደ ኮሪደር? ወደ ኮሪደር የሚከፈት መስኮት የጎረቤቶቹን ክፍሎች አየር የሚያመጣ በመሆኑ ጥቅሙ አነስተኛ ነው። መጸዳጃው የክፍሉ ነው ወይስ የጋራ? የፊተኛው እንግዳ የወጣው መቼ ነው? ሁለት ክፍሎች ካሉ ቀደም ብሎ የተለቀቀው ይመረጥ። እንዲህ ብሎ መጠየቅም ሆነ ዋጋ መከራከር አያሳፍርም። በጥያቄው የሚቆጣ እንግዳ ተቀባይ በራሱ መልስ ነው።

ከተቻለ ገና ሳይመሽ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት መድረስ መልካም ነው። መሽቶበት፣ ደክሞትና ርቦት የገባ ሰው የሰጡትን ቁልፍ ይቀበላል እንጂ ክፍል አይመርጥም። በቀን የገባ ግን ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት ክፍሉን ገብቶ ያያል፤ መስኮቱን በእጁ ከፍቶ ይሞክራል፤ የታፈነና የሻጋታ ሽታ ካለ ሌላ ክፍል ይጠይቃል። ክፍሉን ከያዘም በኋላ መስኮቱንና በሩን ከፍቶ፣ ለግማሽ ሰዓት ያህል ነፋስ እንዲያቋርጠው ትቶ፣ እርሱ ውጭ ይቆይ።

እዚህ ላይ የሚነሳ ክርክር አለ። ብዙ ሰው በጉዞ የተዳከመ ገላ ነፋስ ከነካው «ምች ይመታኛል» ወይም «ብርድ ይገባኛል» ብሎ መስኮቱን ጥርቅም አድርጎ ይዘጋል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ እንደ መሆኗ ሌሊቷ በእርግጥ ይቀዘቅዛል። ቢሆንም ብርድ ቫይረስ አይፈጥርም፤ ቫይረሱ የሚመጣው ከሰው ነው። መፍትሔው ተጨማሪ ብርድ ልብስ መጠየቅ፣ ራስን መሸፈንና መስኮቱን ቢያንስ አንድ ጭብጥ ያህል ከፍቶ ማደር ነው። የከተማይቱ ከፍታ ለዚህ ያግዛል፤ በአዲስ አበባ ወባ አስተላላፊ ትንኝ አታሰጋምና ያለ አጎበር መስኮት ከፍቶ መተኛት ይቻላል። በጅቡቲ መስመር በአዋሽና በሚሌ፣ ወይም በሌላ ቆላማ ከተማ የሚያድር መንገደኛ ግን መስኮቱን የሚከፍተው በመድኃኒት የተነከረ አጎበር ተዘርግቶ ከሆነ ብቻ ነው። ከኮሮና ለመሸሽ ወባ መሸመት አይገባም።

ክፍል ለማሞቅ ከሰል አቀጣጥሎ ማስገባት በየትኛውም ምክንያት አይፈቀድም። የከሰል ጭስ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛን ሰው ሳያነቃው ይገድላል። ከወረርሽኙ በፊትም በዚህ ምክንያት ብዙ ሕይወት ጠፍቷል።

በበር ላይ ስለሚደረገው ነገርም ጥቂት መባል አለበት። በወረርሽኙ ወቅት ብዙ ሆቴሎች በራፋቸው ላይ የሙቀት መለኪያ ይዘው ይቆሙ ነበር። መልካም ነው፤ ትኩሳት ያለበትን ይለያል። ምልክት ያላሳየውን ግን ሊለይ አይችልም፤ ስለዚህ በሙቀት መለኪያው ያለፈ ሰው ሁሉ ጤነኛ ነው ተብሎ ጭንብል የሚወለቅበት ምክንያት የለም። አንዳንዱ ቦታ ደግሞ እንግዳውን ከራሱ እስከ እግሩ ክሎሪን የሚረጭ ነበር። ይህ ዓይንንና ቆዳን ይጎዳል፤ ወደ ሰውነት የገባውን ቫይረስ አይነካም፤ የማይመከር አሠራር ነው። እንግዳው «ይቅርብኝ፣ እጄን በሳሙና ልታጠብ» የማለት መብት አለው። በር ላይ ውኃና ሳሙና ማኖር ከመርጨቱ ይልቅ ርካሽም ፍቱንም ነው። እጅ ሲታጠብ ቢያንስ ለ20 ሰከንድ በሳሙና ይታሽ፤ ውኃ ከሌለ ከ60 በመቶ ያላነሰ አልኮል ያለው ሳኒታይዘር ይተካዋል።

በጋራ መጸዳጃ የሚጠቀም እንግዳ ጭንብሉን አድርጎ ይገባል፤ ሌላ ሰው ካለ እስኪወጣ ውጭ ይጠብቃል፤ ከመግባቱ በፊትና በኋላ እጁን ይታጠባል። የክፍሉን የበር እጀታ፣ የመብራት ማብሪያና የውኃ ቧንቧ ለማጽዳት ለሚፈልግ፣ በሱቅ የሚሸጠው 5 በመቶ ጥንካሬ ያለው በረኪና አንድ እጅ ከ49 እጅ ውኃ ጋር ሲቀላቀል ይበቃል። በረኪና ከሌላ የጽዳት ኬሚካል ጋር በፍጹም አይቀላቀልም፤ ታፍኖ የሚገድል ጋዝ ሊያወጣ ይችላልና።

አብሮ ስለ ማደርም አንድ ነገር አለ። አልጋ ሲጠፋ፣ ወይም ወጪ ለመቀነስ፣ በመኪና ውስጥ የተዋወቁ ሁለት መንገደኞች አንድ ክፍል ተካፍለው ማደራቸው የተለመደ ነው። በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ወራት አገር አቋራጭ መኪኖች በግማሽ ብቻ እንዲጭኑና ታሪፉ እጥፍ እንዲሆን ሲደረግ የመንገደኛው ኪስ ምን ያህል እንደተጎዳ ይታወቃል። ሆኖም ከአንድ ቤት የመጡ ሰዎች፣ ባልና ሚስት ወይም እናትና ልጆች ካልሆኑ በቀር ክፍል መጋራቱ ይቅር። ገንዘብ ከጠበበ ቅናሹ ከሌላ ነገር ላይ ይምጣ፤ ቴሌቪዥን የሌለው፣ ሙቅ ውኃ የሌለው፣ ከአስፋልቱ ራቅ ያለ ክፍል ይያዝ እንጂ አየርና ለብቻ መተኛት አይሸጥም።

ማታ የሚበላውን በተመለከተ፣ ግቢ ወይም በረንዳ ካለ እዚያ፣ ከሌለ ክፍል ውስጥ ለብቻ ቢበላ ይመረጣል። ከማያውቁት ሰው ጋር በአንድ ትሪ መብላትና ጉርሻ ለዚህ ጊዜ ይቆዩ። ጭንብል ወልቆ ብዙ የሚወራበት የምግብና የመጠጥ አዳራሽ ከማደሪያው ክፍሎች ሁሉ ይልቅ የሚያሰጋ ቦታ ነው። በተለይም መስኮቱ ተዘግቶ፣ እጣን እየጨሰ፣ ሰው ቡናውን ከቦ እስከ ሦስተኛው ድረስ የሚቆይበት።

ሌሊት ትኩሳት ቢመጣ

መንገደኛው ክፍሉን በሚገባ መርጦ ገብቶ ሳለ ሌሊት ትኩሳት፣ ደረቅ ሳል፣ የጉሮሮ ሕመም፣ ከፍተኛ ድካም ወይም የማሽተትና የመቅመስ ስሜት ማጣት ሊሰማው ይችላል። የዚህ ሰው የመጀመሪያ ሐሳብ ብዙ ጊዜ «እንደምንም ቤቴ ልድረስ» የሚል ነው። ትኬቱን ቆርጧል፤ ገንዘቡ አልቋል፤ በማያውቀው ከተማ መታመም ያስፈራዋል። መኪና ውስጥ ጭንብል ካደረገ ማንም አያውቅበትም። ይሁን እንጂ ይህ ሰው ከሳፈረ ለሰዓታት በተዘጋ መኪና ውስጥ አጠገቡ የሚቀመጡት፣ ከዚያም የሚጠብቁት ቤተሰቦቹ ለአደጋ ይጋለጣሉ። መሣፈሩ መቅረት አለበት። ጭንብሉን አድርጎ፣ መስኮቱን ከፍቶ፣ ከክፍሉ ሳይወጣ ወደ 8335 ወይም ወደ 952 ይደውል፤ ባለሙያዎቹ ምርመራ የት እንደሚደረግና ምን ማድረግ እንዳለበት ይነግሩታል። ለመተንፈስ የሚቸገር፣ ደረቱን የሚያመው፣ የሚቃዥ ወይም ከንፈሩ የጠቆረ ከሆነ ግን ጊዜ ሳይሰጠው በአቅራቢያ ወዳለ የጤና ተቋም መሄድ አለበት። አስቀድሞ ስልክ ቢደወል ደግሞ ተቋሙ ተዘጋጅቶ ይቀበለዋል።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው የሆቴሉ ባለቤት ፈንታ ነው። የታመመን እንግዳ ሌሊት ዕቃውን አስይዞ ማስወጣት ሕንፃውን ከበሽታ የሚያነጻ ይመስላል፤ የሚያደርገው ግን ተቃራኒውን ነው። የተባረረው ሰው ወደ ሌላ ማደሪያ ሄዶ ሕመሙን ይደብቃል። ወሬው ከተሰማም ቀጣዩ ታማሚ እንግዳ ለማንም ሳይናገር ያድርና በጠዋት ይሳፈራል። ስለዚህ ባለቤቱ እንግዳውን ባለበት ክፍል ያቆየው፤ ውኃና ምግብ በር ላይ ያስቀምጥለት፤ ወደ ክፍሉ የሚገባ ሠራተኛ አይኑር፤ ከላይ በተጠቀሱት ስልኮች አብሮ ይደውል። ታማሚው በስሙ ሳይሆን «ኮሮናው» እየተባለ መጠራቱም ሰውን ያሸሻል፤ ከበሽታው በላይ ሕመምተኛውን የሚጎዳበት ጊዜ አለ።

እንዲህ ያለ ሁኔታ ካልገጠመው መንገደኛው ማለዳ ይነሳል። ከመጋቢት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ መሰጠት የጀመረው የኮቪድ-19 ክትባት የሚገባው ሆኖ ሳለ ያልወሰደ ከሆነ የጉዞው ማብቂያ በሆነው ከተማ ጤና ጣቢያ ይጠይቅ። ክትባቱን የወሰደም ቢሆን በመኪናው ውስጥ ጭንብሉን አያወልቅም፤ ቢቻል በመስኮት አጠገብ ተቀምጦ መስኮቱን ይከፍታል።

ክፍሉን ሲለቅ ደግሞ የሚታወስ ሌላ ሰው አለ። አልጋውን የምታነጥፈው፣ መጸዳጃውን የምታጸዳው ሠራተኛ በቀን ከበርካታ እንግዶች በኋላ ወደየክፍሉ ትገባለች፤ ማታም በጠባብ ቤቷ ወደሚጠብቋት ልጆች ትመለሳለች። እንግዳው የተጠቀመባቸውን ሶፍትና ጭንብል በፌስታል ቋጥሮ ክዳን ባለው ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ይጣል፤ አንሶላውን አያራግፍ፤ መስኮቱን ወለል አድርጎ ከፍቶ ይውጣ። ቁልፉን ሲያስረክብም «መስኮቱን ከፍቼዋለሁ፤ ትንሽ ቆይታችሁ ግቡ» ብሎ ይንገራቸው። ያደረበትን ማደሪያ ስም፣ የክፍሉን ቁጥርና ቀኑን፣ የተሳፈረበትንም መኪና የሰሌዳ ቁጥር በወረቀት ጽፎ እስከ 14 ቀን ያቆየው። በእነዚህ ቀናት ውስጥ ቢታመም፣ ንክኪ የነበራቸውን ሰዎች የሚፈልጉት የጤና ባለሙያዎች መጀመሪያ የሚጠይቁት ያንን ወረቀት ነው።